የሳተላይት ኩባንያ እድገትና የባለአክሲዮኑ ድርሻ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ስለ አንድ ኩባንያ እድገት ከመናገር አስቀድሞ እድገቱ በማን ገንዘብ እንደሚሠራና ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል መጠየቅ ይገባል። ኩባንያው ሲያድግ ባለአክሲዮኑም አብሮ ያድጋል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ነገር ግን ኩባንያው እየከበረ ሄዶ ባለአክሲዮኑ ባለበት የሚቀርበት፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ኋላ የሚመለስበት ሁኔታ መኖሩን የንግድ ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። ይህ ነገር ጎልቶ ከሚታይባቸው የሥራ ዓይነቶች አንዱ በዘመናችን የተስፋፋው የሳተላይት ንግድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩን ለማስረዳት ከቀላል ሒሳብ መነሣት ይሻላል። አንድ ማኅበር 100 አክሲዮን ቢኖረው፥ አንድ ሰው ደግሞ ከነዚህ ውስጥ 10 ቢይዝ፥ ከማኅበሩ ሀብት ዐሥረኛው እጅ የዚያ ሰው ነው። ማኅበሩ ገንዘብ አስፈልጎት 100 አዲስ አክሲዮኖች ለሌሎች ሰዎች ቢሸጥ፥ የቀድሞው ባለአክሲዮን 10 አክሲዮኑ በእጁ እንዳለ ድርሻው ከዐሥረኛ ወደ ሃያኛ ይወርዳል። ማንም አልሰረቀውም፤ የአክሲዮን ወረቀቱም አልጠፋበትም። ሆኖም ውሃ እንደ ተጨመረበት ጠላ፥ መጠኑ ሳይጎድል ኀይሉ ቀንሷል። ይህም የድርሻ መቅጠን ሊባል ይችላል።

የድርሻ መቅጠን ሁልጊዜ ክፉ ነው ማለት አይደለም። አዲሶቹ አክሲዮኖች በተገቢ ዋጋ ከተሸጡና ገንዘቡም ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ከተሠራበት፥ የቀጠነው ድርሻ ከቀድሞው ወፍራም ድርሻ ይበልጥ ሊያወጣ ይችላል። ጉዳት የሚደርሰው አክሲዮኑ በረከሰበት ቀን፥ ኩባንያው በችግር ተገፍቶ ሲሸጥ ነው። አስቸጋሪው ነገር፥ ወጣት ኩባንያ ብዙ ገንዘብ የሚያስፈልገው አክሲዮኑ ርካሽ በሆነበት ጊዜ መሆኑ ነው። ሥራው ተፈጽሞ ገቢ መግባት ሲጀምር አክሲዮኑ ይወደዳል፤ ያን ጊዜ ግን የገንዘቡ ጥድፊያ አልፏል።

የሳተላይት ንግድ ይህን ችግር ከሌሎች ንግዶች ሁሉ ያብሰዋል። የቡና ነጋዴ አንድ ጭነት ገዝቶ ይሸጥና በትርፉ ሁለተኛውን ጭነት ይገዛል፤ እንዲህ እያለ በገዛ ገንዘቡ ለማደግ ይችላል። ባለሳተላይት ግን እንዲህ ለማድረግ አይችልም። በዝቅተኛ ምሕዋር የሚዞር ሳተላይት ከአንድ ቦታ በላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፥ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል አንዱ ሲጠልቅ ሌላው መውጣት አለበት። በጥቂት ሳተላይቶች የሚሰጥ አገልግሎት ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ለብዙ ሰዓት የሚቋረጥ ስለሆነ፥ እንዲህ ላለው ስልክ በየወሩ ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ አይገኝም። እንግዲህ ከፍ ያለ ገቢ ከመገኘቱ በፊት አብዛኞቹ ሳተላይቶች ተሠርተው ወደ ሰማይ መውጣት አለባቸው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2017 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱን በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት በሚድላንድ ከተማ ያደረገው ኤ.ኤስ.ቲ. ስፔስሞባይል የተባለው ኩባንያ ነው። የኩባንያው ሐሳብ፥ ማንኛውም ሰው የያዘው ተራ የእጅ ስልክ፥ ሌላ መሣሪያ ሳይጨመርበት፥ የስልክ ማማ በሌለበት በረሃና ባሕር ላይ በቀጥታ ከሳተላይት ጋር እንዲገናኝ ማድረግ ነው። አክሲዮኑ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በኒው ዮርክ ናስዳክ ገበያ ይሸጣል። በመስከረም 2022 ዓ.ም. 64 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንቴና የተሸከመ የሙከራ ሳተላይት አመጠቀ፤ በመስከረም 2024 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 5 የንግድ ሳተላይቶች አወጣ። ኩባንያው በ2025 ዓ.ም. ባወጣው ግምት እያንዳንዱ አዲስ ሳተላይት ከማምጠቂያው ጋር ከ21 እስከ 23 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። በዚያው ዓመት ያቀደው ከ45 እስከ 60 ሳተላይቶች ለማውጣት ስለ ነበር፥ በዚህ ሒሳብ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከ945 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን 380 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ወጪ የሚደረገው የአገልግሎቱ ገቢ ገና ጭላንጭል በሆነበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል? በጥር 2024 ዓ.ም. የሆነውን መመልከት ብዙ ያስተምራል። በዚያ ወር ኩባንያው ከ32 ሚሊዮን የሚበልጡ አዲስ አክሲዮኖችን እያንዳንዱን በ3 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሸጦ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ። በግንቦት ወር መጨረሻ ቬራይዘን የተባለው ትልቅ የስልክ ኩባንያ ከእርሱ ጋር መዋዋሉ በተነገረበት ዕለት የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ጨመረ። በነሐሴ ወር ደግሞ ያው አክሲዮን ከ30 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በዚህ ዋጋ ቢሆን ኖሮ 100 ሚሊዮን ዶላር ለማግኘት 3 ሚሊዮን ተኩል የማይሞሉ አክሲዮኖች በበቁ ነበር። በሰባት ወር ልዩነት፥ ለአንድ ዓይነት ገንዘብ ዐሥር እጅ ያህል አክሲዮን ተሰጠ ማለት ነው።

በጥር ወር ነሐሴን ማወቅ የሚችል ሰው አልነበረምና ኩባንያውን በዚህ ብቻ መውቀስ ፍርድ አይሆንም። ገንዘቡ ባይገኝ ኖሮ 5ቱ ሳተላይቶች ሳይዘገዩ ይወጡ እንደ ነበር መናገርም ያስቸግራል። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር በግልጥ ይታያል፤ ይኸውም ቅደም ተከተል ታላቅ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። የደንበኛው ውል ከአክሲዮኑ ሽያጭ በፊት ቢመጣ የአክሲዮኑ ዋጋ ይወደዳል፤ ከኋላ ቢመጣ ግን ጥቅሙ በርካሽ ለገዛው አዲስ ሰው ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት አክሲዮን ሳይሸጡ ገንዘብ የሚገኝባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ መመርመር ይቻላል።

አንደኛው መንገድ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ቀብድ ነው። ዕቃው ወይም አገልግሎቱ የሚያስፈልገው ደንበኛ አስቀድሞ ከፊሉን ይከፍላል፤ ሻጩም በተቀበለው ገንዘብ ሥራውን ይሠራል። ቀብድ ወለድ የለውም፤ አክሲዮንም አይጠይቅም፤ ደንበኛው በሥራው ማመኑንም ለሌላው ይመሰክራል። ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ቬራይዘን በ2024 ዓ.ም. ካስታወቀው 100 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 65 ሚሊዮኑ ለወደፊት አገልግሎት የሚከፈል ቀብድ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ልዩ ልዩ ሁኔታዎች ሲፈጸሙ የሚከፈል ነው። በጥቅምት 2025 ዓ.ም. ደግሞ የሳውዲ ዐረቢያው የስልክ ኩባንያ ኤስ.ቲ.ሲ. የ10 ዓመት ውል ተዋውሎ 175 ሚሊዮን ዶላር አስቀድሞ ለመክፈል ተስማማ። በሳተላይቱ ዋጋ ሲመነዘር ይህ ገንዘብ ለ7 ወይም ለ8 ሳተላይቶች ይበቃል።

በቀብድ ማደግ ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየው ግን ግሎባልስታር የተባለው ሌላ ኩባንያ ነው። አፕል የተባለው የስልክ ሠሪ ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በስልኮቹ ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን የሳተላይት መልእክት ሲጨምር በግሎባልስታር ሳተላይቶች ተጠቀመ። በ2023 ዓ.ም. ለአዳዲስ ሳተላይቶች መሥሪያ 252 ሚሊዮን ዶላር ለማስቀደም ተስማማ። በኅዳር 2024 ዓ.ም. በተነገረው ውል ደግሞ እስከ 1 ቢሊዮን 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅድመ ክፍያ ፈቀደ፤ ከዚህም ሌላ ለዚሁ ሥራ በተለየ አንድ ድርጅት ውስጥ 20 በመቶ ድርሻ በ400 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። አክሲዮኑ በገበያ ላይ ሳይፈስስ ይህን ያህል ገንዘብ ማግኘት ለሳተላይት ኩባንያ ብርቅ ነው።

ይሁን እንጂ ቀብድም ዋጋ አለው። ግሎባልስታር በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ከሳተላይቶቹ አገልግሎት 85 በመቶው ለአፕል የሚሰጥ መሆኑን አስታውቋል። እንዲህ ሲሆን ባለአክሲዮኑ በወረቀት ላይ ድርሻው ሳይቀጥን፥ የኩባንያው ነጻነት ግን ይቀጥናል። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ነጋዴ፥ ሱቁ በስሙ ቢጻፍም፥ ከደመወዝተኛ ብዙ አይለይም። ስለዚህ ቀብድን ከብዙ ደንበኞች በየጥቂቱ መቀበል፥ ከአንድ ሰው ሁሉን ከመቀበል ይሻላል። በየአገሩ ካሉ የስልክ ኩባንያዎች ጋር ለሚዋዋል ኩባንያ ይህ የሚቻል ነው።

ሁለተኛው መንገድ የወጪ ንግድ ዋስትና ያለው ብድር ነው። አንዳንድ መንግሥታት የአገራቸው ፋብሪካ ዕቃውን ለውጭ አገር እንዲሸጥ በማሰብ፥ ገዢው ከባንክ ለሚበደረው ገንዘብ ዋስ ይሆናሉ። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቦይንግ አውሮፕላኖችን ሲገዛ በዩናይትድ ስቴትስ ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ ዋስትና ተጠቅሟል። ዋሱ መንግሥት ስለሆነ ባንኩ ወለዱን ዝቅ ያደርጋል፤ የመክፈያውንም ጊዜ ያረዝማል።

በሳተላይት ንግድ ይህን መንገድ በሚገባ የተጠቀመበት ኢሪዲየም ነው። ኢሪዲየም በ2010 ዓ.ም. ያረጁ ሳተላይቶቹን ለመተካት ሲነሣ አዲሶቹን እንዲሠራለት ታሌስ አሌንያ ስፔስ የተባለውን የኤውሮፓ ፋብሪካ መረጠ። በዚህም ምክንያት ኮፋስ የተባለው የፈረንሳይ ዋስትና ሰጪ ድርጅት ለ1 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን ዶላር ብድር 95 በመቶ ዋስ ሆነለት። አዲሶቹ ሳተላይቶች ከጥር 2017 እስከ ጥር 2019 ዓ.ም. ድረስ በ8 በረራ 75 ሆነው ወጡ። ኩባንያው በሥራው መካከል ወደ አክሲዮን የሚለወጡ ልዩ አክሲዮኖችን መሸጡ አልቀረም፤ ሆኖም የወጪው ትልቁ ሸክም የወደቀው በብድሩ ላይ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ኢሪዲየም ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ የገዛ አክሲዮኑን ከገበያ መልሶ መግዛት፥ ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ ማደል ጀመረ። የታገሠው ባለአክሲዮን ድርሻው መወፈር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ መታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ኢሪዲየም በ2010 ዓ.ም. ከባንክ ደጃፍ ሲቆም ከ3 መቶ ሺህ በላይ ከፋይ ደንበኞች ነበሩት። ባንኩ ያበደረው ለተስፋ ሳይሆን ለገቢ ነው። ደግሞም የወጪ ንግድ ዋስትና የሚከተለው ሻጩን ፋብሪካ ነው። እንደ ኤ.ኤስ.ቲ. ያለ ሳተላይቱን ራሱ በአገሩ የሚሠራ ኩባንያ የውጭ አገር ዋስ አያገኝም። ለእንዲህ ያለው ኩባንያ ተስፋ የሚሰጠው፥ የአሜሪካው ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ በ2022 ዓ.ም. ምርታቸውን ወደ ውጭ ለሚልኩ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ጭምር የብድር በር መክፈቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ማከራየት ነው። ሳተላይት ወደ ሰማይ ሲወጣ በጀርባው ላይ የሌላ ሰው መሣሪያ ለመጫን የሚያስችል ቦታ አይጠፋም። ኢሪዲየም በአዲሶቹ ሳተላይቶች ላይ ኤሪዮን የተባለው ድርጅት የአውሮፕላኖችን ጉዞ የሚከታተል መሣሪያ እንዲጭን ፈቀደ፤ ለዚህም 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚደርስ የማስጫኛ ክፍያ ተዋዋለ። መኪና ለራሱ ጭነት የሚልክ ነጋዴ ባዶውን ቦታ በኪራይ ቢሰጥ የነዳጁን ወጪ እንደሚያቃልል ሁሉ፥ ይህም እንዲሁ ነው። የመንግሥት የአገልግሎት ውልም ከዚሁ ጋር የሚቆጠር ነው። ኢሪዲየም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ሲነሣ የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር በ72 ሚሊዮን ዶላር የ2 ዓመት አገልግሎት መግዛቱ ለመቆሚያ የሚሆን መሬት ሰጥቶታል።

አራተኛው መንገድ ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ብድር ነው። በወጣት ኩባንያዎች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ይህ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። አበዳሪው በዝቅተኛ ወለድ ያበድራል፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲወጣ ግን ብድሩን በአክሲዮን ለመለወጥ ይችላል። በጥር 2024 ዓ.ም. ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ.፥ ጉግልና ቮዳፎን በዚህ መልክ ለኤ.ኤስ.ቲ. 110 ሚሊዮን ዶላር አበደሩ፤ የመለወጫው ዋጋ 5 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ 19 ሚሊዮን የሚያህሉ አክሲዮኖች ይሆናል። አክሲዮኑ 30 ዶላር ሲያወጣ የ110 ሚሊዮኑ ብድር ወደ 570 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ሆነ ማለት ነው። በጥር 2025 ዓ.ም. ኩባንያው እንደገና በዚሁ ዓይነት፥ በ4 ነጥብ 25 በመቶ ወለድ፥ 460 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ።

እንዲህ ያለውን ውል «ድርሻ የማያቀጥን ብድር» እያሉ ማወጅ ባለአክሲዮኑን ማታለል ነው። ሥራው ቢሳካ አበዳሪው አክሲዮን ይወስዳል፤ ባይሳካ ገንዘቡን ከነወለዱ ይጠይቃል። በሁለቱም በኩል የተጠበቀው አበዳሪው ነው። የዛሬው የወለድ ዝቅተኛነት የነገው አክሲዮን ዋጋ ነው። እርግጥ፥ አበዳሪው ደንበኛም ሲሆን ከብድሩ ጋር ሥራ ይዞ ይመጣልና ነገሩ ይሻላል፤ በዚህ ረገድ የስልክ ኩባንያዎቹ ብድር ከተራ አትራፊ ብድር የተለየ ነው። ቢሆንም ስሙ በእውነተኛ ስሙ መጠራት አለበት፤ ቀኑ የዘገየ የአክሲዮን ሽያጭ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው፥ እንግዲህ አክሲዮን ከመሸጥ ሁሉን በብድር መሥራት ይሻላል ብሎ ያስብ ይሆናል። እንዲህ ብሎ መደምደም ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ስሕተት ነው። የኢሪዲየም የመጀመሪያው ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ሞቶሮላ የተባለው ኩባንያ ያቆመው የፊተኛው ኢሪዲየም 66 ሳተላይቶቹን ለማውጣት 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ፤ ከዚህም ውስጥ ብዙው ብድር ነበር። አገልግሎቱን በኅዳር 1998 ዓ.ም. ከፈተ፤ ስልኩ ውድና ከባድ ስለ ነበር የተጠበቀው ደንበኛ አልመጣም፤ ብድሩ ግን ቀኑን ጠብቆ መጣ። በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ዓመት ሳይሞላው ኪሳራውን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ንብረቱ ሁሉ በ25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ አልቀጠነም፤ ጨርሶ ጠፋ እንጂ።

ከ20 ዓመት በኋላ ዋንዌብ የተባለው ኩባንያ በሌላ መንገድ ከዚሁ ገደል ደረሰ። 74 ሳተላይቶች ካመጠቀ በኋላ፥ ዋናው ገንዘብ ሰጪው ሶፍትባንክ ተጨማሪ ገንዘብ ለማውጣት ባለመፈለጉ፥ በመጋቢት 2020 ዓ.ም. ኪሳራውን አስታወቀ። የብሪታንያ መንግሥትና የሕንዱ ባርቲ እያንዳንዳቸው 500 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው ገዙት፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳዩ ዩቴልሳት ጋር ተዋሐደ። የቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖች የዘሩትን ሌሎች አጨዱት።

ስለዚህ የመልካም አስተዳዳሪ ጥያቄ «አክሲዮን ልሽጥ ወይስ ልበደር?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም። «ይህን ሳንቲም የምከፍለው ከምን ገቢ ነው? ገቢውስ የሚገባው ዕዳው ከሚከፈልበት ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚል መሆን አለበት። ገቢው ገና ሩቅ ሲሆን ዕዳ መርዝ ነው፤ ገቢው በእጅ ሲሆን ደግሞ አክሲዮን መሸጥ ብክነት ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ፥ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሳተላይቶች መሥራታቸው ታውቆ ብዙዎቹ ገና ባልወጡበት ጊዜ፥ ድልድይ የሚሆነው የደንበኛ ቀብድ ነው።

በዚህ መሠረት ለወጣት የሳተላይት ኩባንያ የሚበጀው ሥርዓት የሚከተለውን ይመስላል። በመጀመሪያ፥ መሥራቱ ባልተረጋገጠ ነገር ላይ የሚወጣው ገንዘብ የአክሲዮን ገንዘብ ይሁን፤ አደጋውን አውቆ የገባ ሰው ገንዘብ ነውና። መጠኑ ግን ለሙከራው ከሚያስፈልገው አይለፍ። ሁለተኛ፥ ሙከራው እንደ ተሳካ፥ ከአክሲዮን ገበያው በፊት ወደ ደንበኛው ይኬድ፤ ቀብዱም ከብዙ ደንበኞች ይሰብሰብ። ሦስተኛ፥ ብድር የሚወሰደው የተፈረመ ውልና የገባ ገቢ ሊሸከሙት በሚችሉት ልክ ይሁን፤ መያዣውም በምሕዋር ላይ ሆነው የሚሠሩና መድን የተገባላቸው ሳተላይቶች ይሁኑ። አራተኛ፥ ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ብድር ሲፈረም፥ በዚያው ዕለት ተለውጧል ተብሎ ይቆጠርና የባለአክሲዮኑ ድርሻ ምን ያህል እንደሚሆን በግልጥ ይነገረው።

አምስተኛና የመጨረሻው፥ አክሲዮን መሸጥ ግድ ሲሆን፥ አስቀድሞ ለቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖች ይቅረብ። በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ሕግ ለብዙዎች አርአያ ሊሆን የሚችል ነው። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የንግድ ሕግ፥ ማኅበሩ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ የቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖች እንደየድርሻቸው የመግዛት ቀዳሚ መብት እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። አብዛኞቹ ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች በተቋቋሙበት በዴላዌር ግዛት ሕግ ግን፥ በመመሥረቻ ጽሑፉ ካልተጻፈ በቀር፥ ይህ መብት የለም። ዩቴልሳት በ2025 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዩሮ ለመሰብሰብ ሲነሣ፥ የፈረንሳይ መንግሥትና ሌሎች ትላልቅ ገንዘብ አውጪዎች ከወሰዱት ሌላ፥ ከፊሉን ለነባር ባለአክሲዮኖቹ ሁሉ እንደየድርሻቸው አቅርቧል። መግዛት የፈለገ ድርሻውን ይጠብቃል፤ ያልፈለገ በገዛ ፈቃዱ ይቀጥናል። በዚህ ጊዜ ቅሬታ የሚያነሣ ሰው አይኖርም።

ይህ ነገር ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፥ አክሲዮን መያዝ የጥቂት ባለጠጎች ጉዳይ መሆኑ እየቀረ ይሄዳል። ደመወዝተኛውም፥ ባለሱቁም፥ ጡረተኛውም ከቆጠበው አክሲዮን ይገዛል። እንዲህ ያለው ባለአክሲዮን በየዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብለት ዐይኑ የሚያርፈው በትርፉ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ነገር ግን ከትርፉ ቁጥር ይልቅ አስቀድሞ መታየት የሚገባው ሌላ ቁጥር አለ፤ ይኸውም በዓመቱ መጀመሪያ የነበሩት አክሲዮኖች ስንት እንደ ነበሩና በዓመቱ መጨረሻ ስንት እንደ ሆኑ ነው። ትርፉ በ20 በመቶ አድጎ አክሲዮኖቹ በ40 በመቶ ከበዙ፥ ማኅበሩ አድጓል፤ ባለአክሲዮኑ ግን ደኽይቷል።

አስተዳዳሪዎችም በበኩላቸው የባለአክሲዮን ገንዘብ ወለድ የማይጠየቅበት ነጻ ገንዘብ የሚመስላቸው ከሆነ ሐሳባቸውን ማረም ይገባቸዋል። ባለአክሲዮን ወለድ የማይጠይቀው የወደፊቱን ፍሬ ተስፋ በማድረግ ነው። የወደፊቱን ፍሬ በርካሽ ቀን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ አስተዳዳሪ፥ ከብድር ሁሉ የከበደውን ብድር ተበድሯል ማለት ነው። ሳተላይቱ ወደ ሰማይ በወጣ ጊዜ፥ በጨለማው ዘመን ያመኑትና ገንዘባቸውን ያወጡት ሰዎች ከምድር ላይ ቆመው የሚያዩት ለሌላ የተሰጠ ሀብት እንዳይሆን፥ ሒሳቡ ከመምጠቁ በፊት በምድር ላይ በሚገባ መሠራት አለበት።